የሆስፒስ ገንዘብ በፍትሕ ይከፋፈላል? ለማስተርስ ፕሮጀክቴ ምክር ፈልጌ ነው

የበርሚንግሃሙ ተማሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ እንግሊዝ አገር በዳታ አናሊቲክስ ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ከአንድ ሆስፒስ ጋር እንድሠራ ተመድቤያለሁ። ለማታውቁት፣ ሆስፒስ የማይድን ሕመም ያለባቸው ሰዎች ስቃያቸው እንዲቀንስ፣ ቤተሰባቸውም ብቻውን እንዳይቀር የሚሠራ ተቋም ነው።

ሆስፒሱ የጠየቀኝ ነገር አጭር ነው። "ከጎረቤት አካባቢዎች ጋር ስንተያይ፣ ከመንግሥት የምናገኘው ገንዘብ ፍትሐዊ ነው ወይ?" መልሱን ይዘው የአካባቢውን የጤና ገንዘብ ከሚያከፋፍለው የጤና ቦርድ ጋር ሊደራደሩበት ነው።

እኔ ያሰብኩት ገንዘቡን ለሕዝብ ቁጥር አካፍዬ፣ በነፍስ ወከፍ ደረጃ ማውጣት ነው። አማካሪዬ ግን "ቀላል ነው፣ ማሽን ለርኒንግ ጨምርበት" ይለኛል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ከዳታው እንዲማር ማለቱ ነው። ሌላ ደግሞ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2024 መንግሥት ለሆስፒሶች 100 ሚሊዮን ፓውንድ መድቧል ሲባል አንብቤያለሁ። ታዲያ ችግሩ አልተፈታም እንዴ? በዚህ ሙያ ውስጥ ያላችሁ እባካችሁ ሐሳብ ስጡኝ። ክረምቱ ሳያልቅ ማስረከብ አለብኝ።

ቁጥር ወዳድ

ስለ ማሽን ለርኒንጉ ብቻ ልበል። እንግሊዝ ውስጥ ያሉት የጤና ቦርዶች፣ አይሲቢ የሚባሉት፣ በ2022 ሲቋቋሙ 42 ነበሩ። 42 ረድፍ ባለው ሠንጠረዥ ላይ ራንደም ፎረስት የሚባለውን የማሽን ለርኒንግ ዘዴ ብታስኬድ የሚሰጥህ ውጤት ለማንም አይጠቅምም። ነጥቦቹን ግራፍ ላይ አስቀምጣቸው። ሁለት ወይም ሦስት ተለዋዋጮች ያሉት ተራ ሪግሬሽን፣ ማለትም አንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ስሌት፣ ሥራ። እርግጠኛ ያልሆንክበትን ስፋትም አሳይ። አማካሪህን "ዳታው ትንሽ ስለሆነ ነው" ካልከው ይገባዋል። የሆስፒስን ውስጠ ነገር የሚያውቅ ሰው ቢመልስልህ ይሻላል።

ሲስተር ዮርክሻየር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒስ ነርስ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን እዚያው የዳታ ሥራ ላይ ነኝ። ረዘም አድርጌ ስለምጽፍልህ ታገሠኝ።

ከ100 ሚሊዮኑ ልጀምር። ያ ገንዘብ ለሕንፃና ለዕቃ ነው። ጣሪያ ይጠገንበታል፣ አልጋ ይገዛበታል፣ ኮምፒውተር ይቀየርበታል። የነርስ ደመወዝ ግን አይከፈልበትም። እኛን እንቅልፍ የሚነሳን ደግሞ ደመወዙ ነው። በኤፕሪል 2025 አሠሪ ለሠራተኛው የሚከፍለው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ፣ ናሽናል ኢንሹራንስ የሚባለው፣ ከ13.8 ወደ 15 በመቶ ከፍ አለ። የመንግሥት የጤና አገልግሎቱ፣ የኤንኤችኤስ፣ መሥሪያ ቤቶች ማካካሻ ተሰጣቸው። አብዛኞቹ ሆስፒሶች ግን ቻሪቲ፣ ማለትም የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ስለሆኑ ጭማሪውን ከራሳቸው ኪስ ነው የከፈሉት። ስለዚህ ፕሮጀክትህ ውስጥ የሕንፃውን ገንዘብና የየዓመቱን ማስኬጃ አትቀላቅል። ከቀላቀልካቸው ቦርዱ ስብሰባ ላይ አንዱ ያነሳብህና ሌላው ሥራህ ሁሉ አብሮ ይወድቃል።

ቀጥሎ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለብህ። በእንግሊዝ የአዋቂዎች ሆስፒስ ከመንግሥት የሚያገኘው በአማካይ ከገቢው ሲሶ ገደማ ነው። የሕፃናቱ ከዚያም ያንሳል። ቀሪው ከሕዝብ ነው፤ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ ሱቅ፣ ከሎተሪ፣ ከሩጫ፣ ከኑዛዜ። የዘመናዊ ሆስፒስ ጀማሪ የምትባለው ሲስሊ ሳንደርስ በ1967 ደቡብ ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ስትከፍት በበጎ አድራጎት ነበር የከፈተችው። ከዚያ በኋላ የተከፈቱትም አብዛኞቹ በየከተማው ሰው መዋጮ የቆሙ ናቸው። ለዚህ ነው ካርታው የተዘበራረቀው። ሆስፒስ ያለው ገንዘብ ማዋጣት የቻለ ሰፈር ባለበት ነው፤ ሕመምተኛ በበዛበት አይደለም።

በ2022 የወጣው የጤናና እንክብካቤ ሕግ ቦርዶቹ የማስታገሻ ሕክምና እንዲያቀርቡ ግዴታ ጣለባቸው። ስንት ገንዘብ እንደሚመድቡ ግን አልነገራቸውም። እያንዳንዱ ቦርድ የመሰለውን ያደርጋል። በ2024 መጀመሪያ የፓርላማ አባላት ቡድን ያወጣው ሪፖርት ለአዋቂዎች ሆስፒስ የሚመደበው ገንዘብ በነፍስ ወከፍ ከ23 ፔንስ እስከ 10 ፓውንድ ከ33 ፔንስ እንደሚለያይ አሳይቷል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ መደንገጥም ይገባል። ግን አንተ ተንታኝ ነህና ልዩነቱ ምን ያህሉ እውነተኛ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ከአቆጣጠር የመጣ እንደሆነ መለየት አለብህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለሕዝብ ቁጥር አታካፍል፤ ወይም አካፍለህ እዚያ ላይ አትቁም። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ኖርዝ ኖርፎክ ውስጥ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው 33.4 በመቶ ነበር። ለንደን ውስጥ ታወር ሃምሌትስ 5.6 በመቶ ብቻ። ለሁለቱም በነፍስ ወከፍ እኩል ብትሰጥ በወረቀት ላይ እኩልነት ይታያል። በመሬት ላይ ግን ኖርዝ ኖርፎክ ያለችው ነርስ ብዙ እጥፍ በሽተኛ ይጠብቃታል። ማካፈል ያለብህ አገልግሎቱ ለሚያስፈልገው ሰው ነው። ያንን ደግሞ ከሞት መዝገብ መገመት ይቻላል። በ2014 የታተመ የታወቀ ጥናት፣ በእንግሊዝ የሞት ምዝገባ ላይ ተመሥርቶ፣ ከሟቾች ከ69 እስከ 82 በመቶ የሚሆኑት የማስታገሻ ሕክምና ያስፈልጋቸው እንደነበር ገምቷል። ዘዴው የሞት መንስኤዎችን እየለየ መቁጠር ነው። የብሔራዊ ስታቲስቲክስ ቢሮው የሞት ቁጥርን በአካባቢና በመንስኤ በነፃ ያወጣል፤ ከዚያ ልትሠራው ትችላለህ።

ይህን ከጨረስክ በኋላ ሰው ሁሉ የሚዘለው ነገር ይቀርሃል። ለምሳሌ ያህል ሁለት ሆስፒሶች አስብ። ሁለቱም ከቦርድ 2 ሚሊዮን ያገኛሉ፣ የበሽተኛቸውም ቁጥር እኩል ነው። አንደኛው ያለው ባለሀብት ጡረተኞች በሚኖሩበት አካባቢ ነው፤ በኑዛዜና በስጦታ 4 ሚሊዮን ይጨምራል። ሌላኛው የከሰል ማዕድኑ የተዘጋበት ከተማ ነው፤ ሰዉ ደግ ቢሆንም ቤት ሸጦ የሚናዘዝ የለውም፤ አንድ ሚሊዮን ተኩል ይሰበስባል። ቦርዱ "እኩል ሰጥቻለሁ" ይላል፣ ውሸትም አይደለም። ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ነርስ ያለው ግን አንደኛው ከተማ ብቻ ነው። የመንግሥት ገንዘብ የሰፈሩን የመስጠት አቅም ካላየ፣ ድሃው ሰፈር በሕይወት ሳለ የተጎዳውን ሲሞትም ይጎዳል። እኔ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ አይደለሁም፤ ነኝም አልልህም። ግን ቁጥሩ ይህን ካላሳየ አላሳየም ብለህ ጻፍ።

የሰፈሩን አቅም ለመለካት ኢንዴክስ ኦፍ መልቲፕል ዴፕሪቬሽን የሚባለውን የድህነት መለኪያ ተጠቀም። የ2019ኙ እንግሊዝን በ32,844 ትናንሽ አካባቢዎች ይከፍላል፤ በእያንዳንዳቸው 1,500 ገደማ ሰው አለ። የሆስፒሱን የበሽተኛ ብዛት በእነዚህ አካባቢዎች ብታስቀምጠው ከየትኛው ሰፈር ሰው እየመጣ እንዳልሆነም ታያለህ። የሆስፒሶቹን ገቢ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ከሚቆጣጠረው ከቻሪቲ ኮሚሽን ድረ ገጽ ታገኛለህ፤ ሒሳባቸው ለማንም ክፍት ነው። ብቻ ዋናውን ገጽ አይተህ አትመለስ። አንዱ ሆስፒስ የቦርዱን ገንዘብ ከሥራ የተገኘ ገቢ ሥር ይጽፈዋል፣ ሌላው ስጦታና ኑዛዜ ሥር። ከኋላ ያሉትን ማስታወሻዎች አንድ በአንድ አንብብ። አሰልቺ ነው፤ ግን የፕሮጀክትህ ጥራት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኑዛዜ ደግሞ አንድ ዓመት ይጎርፍና በሚቀጥለው ይደርቃል። የአንድ ዓመት ቁጥር ወስደህ "ይህ ሆስፒስ ሀብታም ነው" እንዳትል፤ ቢያንስ የሦስት፣ ከቻልክ የአምስት ዓመት አማካይ ውሰድ።

ስለ 2022/23 በጀት ዓመት ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቦርዶቹ የተቋቋሙት ጁላይ 1 ቀን 2022 ነው። የዚያ ዓመት የመጀመሪያ ሦስት ወር ገንዘብ የወጣው ሲሲጂ በሚባሉት የቀድሞዎቹ መሥሪያ ቤቶች ነው። የቦርዱን ሪፖርት ብቻ ብትወስድ የዘጠኝ ወር ወጪ ነው የምታገኘው። ከሌላው ዓመት ጋር ስታወዳድረው በ2023 ገንዘብ በአንድ ጊዜ የጨመረ ይመስልሃል።

ቦርዱን ራሱን ለመጠየቅ የመረጃ ነፃነት ሕግ አለልህ፤ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው። ጥያቄህን ግን ጠበብ አድርገህ ጻፍ። እኔ ለአንድ ቦርድ "ለሕይወት መጨረሻ እንክብካቤ ስንት ታወጣላችሁ?" ብዬ ጽፌ አንድ ትልቅ ድምር ብቻ ነበር የላከልኝ። ውስጡ የሆስፒሱም፣ የሆስፒታሉ ቡድንም፣ የአካባቢ ነርሶችም አሉ። ከእንደዚያ ዓይነት ድምር የሚወጣ ነገር የለም። "ለእነዚህ ሆስፒሶች፣ በዚህ ዓመት፣ ለማስኬጃ፣ በውል ወይም በእርዳታ የተከፈለ" ብለህ ለይተህ ጠይቅ።

አሁን ደግሞ ከሆስፒሱ የሚሰጥህ ዳታ። ነርስ ሆኜ የሠራሁትን ሥራ መጀመሪያ ጊዜ ኤክሴል ላይ ሳየው አልለየሁትም ነበር። ረድፉ እንዲህ ይላል፦ "ዓይነት፦ የቤት ጉብኝት። ብዛት፦ 1። ውጤት፦ ተጠናቋል።" እኔ የማውቀው ያ ረድፍ ሌሊት ነው የተሠራው። አንድ አባት ቤታቸው ተኝተው ሕመሙ ጠናባቸው። መድኃኒት ለ24 ሰዓት በቀስታ የምትገፋውን ትንሿን ፓምፕ ገጠምኩላቸው። ዶክተር በስልክ አገኘሁ፣ የሞርፊኑን መጠን ከሌላ ነርስ ጋር ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። ሚስታቸው ኩሽና ቆመው "ልጆቹን ልጥራቸው ወይስ ይደርሳሉ?" ብለው ጠየቁኝና ከእሳቸው ጋር ተቀመጥኩ። ስወጣ ጎህ እየቀደደ ነበር። እዚያው ኤክሴል ላይ ከታች ያለው ረድፍ መድኃኒት አድርሶ የተመለሰ ሰው ነው፤ እሱም "ብዛት፦ 1" ይላል።

ስለዚህ ጉብኝት ቆጥረህ የአንዱን ዋጋ አውጥተህ "ይህ ሆስፒስ ውድ ነው" ከማለትህ በፊት የሕመሙን ደረጃ የሚያሳይ ዳታ ካላቸው ጠይቅ። ብዙ ሆስፒሶች እያንዳንዱን በሽተኛ ከአራት ባንዱ ይመድቡታል፦ የተረጋጋ፣ ድንገት የተናወጠ፣ ቀስ በቀስ እየደከመ ያለ፣ በመሞት ላይ ያለ። ድንገት የተናወጠውና በመሞት ላይ ያለው ከተረጋጋው እጅግ የበለጠ ሰው ኃይል ይፈልጋሉ። ደግሞም አልጋ ብቻ አትቁጠር። ከእንግሊዝ ሟቾች ሆስፒስ አልጋ ላይ የሚሞቱት ከ100 አምስት ገደማ ናቸው። አብዛኛው የሆስፒስ ሥራ ያለው ሰው ቤት ነው።

የበሽተኛ ስምና አድራሻ ያለበት ፋይል ማንም ቢልክልህ አትክፈተው፤ መልስላቸው። የዩኒቨርሲቲህ የሥነ ምግባር ፈቃድና የዳታ ስምምነቱ ሳይፈረም ምንም አትንካ። ፈቃዱ ስለሚዘገይ ዛሬውኑ በሕዝብ ዳታው ጀምር፤ ያለበለዚያ ክረምቱ በመጠበቅ ያልቃል። ትንንሽ ቁጥሮችንም፣ ከአምስት በታች የሆኑትን፣ ሸፍናቸው። በአንዲት መንደር በአንድ በሽታ የሞተ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ጎረቤቱ ያውቃል።

የበርሚንግሃሙ ተማሪ

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አማካሪዬ ቢሮ ሦስቴ ተመላልሼ ያላገኘሁትን ነው የሰጡኝ። የ2022/23ቱን ነገር ባይነግሩኝ በትክክል እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሆስፒሱ "ማን ወደ እኛ እየመጣ እንዳልሆነም ንገረን" ብሎኛል። ሰፈሩ ውስጥ የኛ ሰው ብዙ ነው። ሐበሾች ይመጣሉ አይመጡም የሚለውን ማየት እችላለሁ?

ሲስተር ዮርክሻየር

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔንም ያሳስበኛል። በሆስፒሱ ፋይል ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኘው "ብላክ አፍሪካን" የሚል አንድ ሳጥን ነው። ናይጄሪያዊውም፣ ሶማሌውም፣ እኛም እዚያ ውስጥ ነን። ከዚያ ላይ ስለ ሐበሻ ምንም ማለት አትችልም።

ሁለት መንገድ አለህ። የሞት ምዝገባው የትውልድ አገር ይይዛል። ቆጠራው ደግሞ ዋና ቋንቋን ይጠይቃል፣ አማርኛም ለብቻው ይቆጠራል። በየአካባቢው ስንት አማርኛ ተናጋሪ እንዳለ አውጣና፣ አስተርጓሚ ተጠይቆባቸው ከነበሩ የሆስፒሱ ጉዳዮች ጋር አስተያየው። ቁጥሩ ትንሽ ይሆናል፤ ፐርሰንት አታውጣበት። "ከዚህ ሰፈር ሰው አልመጣም" ማለት ብቻ ይበቃል።

ምክንያቱን ግን ከዳታው አትገምት። ብዙ ቤተሰብ "እናታችንን ለሌላ ሰው አሳልፈን አንሰጥም" ይላል፣ ሆስፒስ ቤት ድረስ እንደሚመጣ የነገረው ስለሌለ። አንዳንዱ ደግሞ ለታማሚው እውነቱ እንዳይነገር ይፈልጋል። ሄደህ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ዕድሩን ጠይቅ። ለንደንም በርሚንግሃምም ዕድር አለ፤ ማን የት እንደሞተ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከሰሚት

ከአዲስ አበባ ነው። የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ነኝ። እዚህ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ፣ እንደ ፈረንጆቹ፣ ቤት ለቤት እየሄደ ያስታምማል። ሲስተር ስለ ሞት መዝገብ ያሉትን ሳነብ ቀናሁ። እኛ ጋ አብዛኛው ሰው ቤቱ ስለሚሞት መንስኤው የሚጻፍለት ጥቂቱ ነው። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት እዚህ መሥራት ይቻላል?

ሲስተር ዮርክሻየር

ይቻላል፣ እህቴ፤ የምትጀምሪበት ብቻ ይለያል። አንቺ ገና "ገንዘቡ በፍትሕ ተከፋፍሏል?" ከሚለው በፊት ያለውን "ስንት ሰው ያስፈልገዋል?" የሚለውን ነው የምትመልሺው። መነሻ ደግሞ አላችሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ ከ2001 ጀምሮ በከተማው መካነ መቃብሮች የሚቀበሩትን እየመዘገቡ፣ ቤተሰብ ቤት ሄደው ምልክቶቹን እየጠየቁ የሞት መንስኤን ሲያጠኑ ኖረዋል። ኤድስ ስንት ሰው እንደገደለና መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ ስንት እንደቀነሰ ያወቁት በዚያ ነው። በፈረንጆቹ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ጥቁር አንበሳ የከተማው የካንሰር ምዝገባ አለ። ሁለቱን ይዘሽ በአዲስ አበባ በዓመት ስንት ሰው በካንሰር ሕመም እየተሰቃየ ቤቱ እንደሚሞት ግምት ማውጣት ትችያለሽ። ለዚያ ሕዝብ ስንት የሚጠጣ ሞርፊን እንደሚበቃ ማስላት ከዚያ በኋላ የሒሳብ ሥራ ነው። መምህርሽን ጠይቂ፤ ዳታውን ለማየት ደብዳቤ ያጽፉልሽ።

የበርሚንግሃሙ ተማሪ

ሲስተር፣ ወስኛለሁ። በሟች ቁጥር አካፍላለሁ፣ የድህነት መለኪያውን እጨምራለሁ፣ የአምስት ዓመት አማካይ እወስዳለሁ። ማሽን ለርኒንጉን ትቼዋለሁ። ሪፖርቱን በምን መልክ ላቅርብላቸው? ዩኒቨርሲቲው 15,000 ቃል ይፈልጋል።

ሲስተር ዮርክሻየር

15,000ውን ለዩኒቨርሲቲው ስጥ። ለሆስፒሱ አንድ ገጽ ሥራ። ከላይ አንድ ግራፍ አድርግ፤ ቦርዶቹ በሙሉ በነጥብ፣ የእነሱ ቦርድ በሌላ ቀለም። ከሥሩ ሦስት ዓረፍተ ነገር፦ ቁጥሩ ምን ያሳያል፣ ምን አያሳይም፣ ከአማካዩ ጋር ለመተካከል በዓመት ስንት ፓውንድ ይጎድላል። ድርድሩ ላይ የሚቀመጡት የፋይናንስ ኃላፊዋ ናቸው፣ ረቂቁን መጀመሪያ ለእሳቸው አሳይ። የቦርዱ ሰው ምን ብሎ እንደሚቃወም ያውቁታል። በተለይ "መጠባበቂያ ገንዘብ አላችሁ አይደል?" የሚለው መምጣቱ አይቀርም። መጠባበቂያው የስንት ወር ደመወዝ እንደሚሸፍን አስልተህ አንድ መስመር ጨምርበት።

ስሌቱንም ንጹሕ አድርገህ፣ እያንዳንዱን እርምጃ ጽፈህ ተውላቸው። አንተ ተመርቀህ ትሄዳለህ፤ በሚቀጥለው ዓመት ድርድሩ ሲመለስ ሌላ ተማሪ አዲሱን ቁጥር አስገብቶ ማስኬድ መቻል አለበት። ከቻልክ ግራፉን እዚህ ለጥፈው፣ አየዋለሁ።